ከመጽሐፉ በፊት ጥያቄው
ለራስ የሚስማማ የምክር መጽሐፍ ስለ መምረጥ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት

በቦሌና በምሥራቁ የከተማችን ክፍል መጽሐፍ ሰውን ፈልጎ ይመጣል። መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ መሬት ላይ በሸራ ተዘርግቶ እናገኘዋለን። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ስንቀመጥ አዟሪው ክንዱ ላይ ደርድሮ ያመጣልናል። ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት ብንሄድ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጎን ተሰልፎ ይጠብቀናል። ከሚቀርብልን ውስጥ ብዙው ገበያው «የሳይኮሎጂ መጽሐፍ» የሚለው ነው፤ ስለ ስኬት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ጭንቀት ምክር የሚሰጠው ማለት ነው።

በዚህ ገበያ ፊት የቆመ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም «ይኼ በጣም እየተነበበ ነው» ይለዋል። ጥያቄውም መልሱም ስለ መጽሐፉ ነው፤ ስለ አንባቢው አንድም ነገር አልተነሣም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት የሚከተለውን ነው፦ የምክር መጽሐፍ የሚመረጠው ከአንባቢው ችግር ተነሥቶ ነው። ችግሩን በስሙ ያልጠራ ሰው መደርደሪያ ሙሉ ቢያነብ የሚስማማውን አያገኝም። የጠራ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ይበቃዋል።

መካሪና ተመካሪ ሲተዋወቁ

ምክርን ጽፎ ማስተላለፍ ለእኛ ጥንታዊ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «አንጋረ ፈላስፋ» የጠቢባንን ምክር የሰበሰበ መጽሐፍ ነው። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ትምህርት ውስጥም ራሱን የቻለ የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ አለ። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ተብሎ፣ አንድምታቸው እየተሰማ የሚነበቡ ናቸው። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን፣ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የሰውን ጠባይ በምሳሌ የሚያሳየውን «ወዳጄ ልቤ»ን አሳተሙ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መካሪው የሚመክረውን ያውቀዋል፤ ባያውቀው እንኳ እንደ ልጁ ቆጥሮ ያናግረዋል። መምህሩ የትኛው ደቀ መዝሙር ለየትኛው ንባብ እንደ ደረሰ ያያል። አባት ልጁ የቱ ጋ እንደሚደክም፣ የቱ ጋ እንደሚታበይ ያውቃል። ስለዚህ ምክሩ ሲሰጥ አስቀድሞ ተመርጦ ነበር።

በውጭው ዓለምም መነሻው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ለዘርፉ ሁሉ ስም ያወጣለት «ሰልፍ ሄልፕ» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣ ሲሆን ጸሐፊው ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ነው። መጽሐፉ የተወለደው በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ፣ ማታ ማታ ተሰብስበው እርስ በርስ ይማማሩ ለነበሩ ወጣት ሠራተኞች ከሰጣቸው ንግግሮች ነው። በ1871 ናካሙራ ማሳናዎ ወደ ጃፓንኛ መለሰው፤ በዚያ ዘመን ጃፓንም እጅግ ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ዴል ካርኔጊም በ1936 «ወዳጅን ስለ ማፍራት» የተናገረበትን መጽሐፉን ያወጣው ከ1912 ጀምሮ በኒውዮርክ የማታ ክፍል ሲያስተምር ቆይቶ ነው። ሁለቱም ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው እያዩ፣ ጥያቄውን እየሰሙ፣ የማይገባውን እያስተካከሉ የተናገሩት ነው በኋላ መጽሐፍ የሆነው።

መጽሐፉ ከክፍሉ ወጥቶ ውቅያኖስ ሲሻገር ግን መካሪው ዐይኑን ያጣል። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማን እንደሚያነበው አያውቅም። ሥራ ያጣ ይሁን፣ ትዳሩ የታወከበት ይሁን፣ ሐዘን ላይ ያለ ይሁን፣ ለሁሉም የሚናገረው ያንኑ ቃል ነው። ድሮ መምህሩና አባት ይሠሩት የነበረውን ሥራ፣ ማለትም ምክሩን ከሰውየው ጋር ማገናኘትን፣ ዛሬ የሚሠራው አንባቢው ራሱ ነው። ይህን ሥራ ማንም ሳያስተምረን ነው ገበያ የወጣነው።

ችግርን በስሙ መጥራት

ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንደኛዋ ገርጂ ትንሽ ልብስ ስፌት የከፈተች ሴት ናት። ደንበኛ አላት፣ ትሠራለች፣ ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡ የት እንደ ገባ አታውቅም። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ የቆየ ወጣት ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርብ ይርበተበታል። ሦስተኛው በቅርቡ እናቱን የቀበረ ሰው ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ ቀን ሥራው አይያዝለትም።

ሦስቱም ወደ አንድ ሸራ ፊት ሄደው «ሕይወትን የሚቀይር መጽሐፍ» ቢሉ፣ የናፖሊዮን ሂል እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ የሀብት መጽሐፍ ወይም የሮንዳ በርን የ2006 «ዘ ሲክሬት» ሊሰጣቸው ይችላል። ለልብስ ሰፊዋ የሚያስፈልጋት ገቢና ወጪን መመዝገብ፣ የራስን ደመወዝ ከድርጅቱ ገንዘብ መለየት፣ ዋጋ መተመን የሚያስተምር ተራ የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ንስር አይኖርም፤ የሚያስፈልጋት ግን እሱ ነው። ለወጣቱ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችን ይዞ ከጓደኛው ጋር የሚለማመድበት መጽሐፍ ይሻለዋል። እናቱን ለቀበረው ሰው ደግሞ የስኬት መጽሐፍ ጭካኔ ነው። የሚያስፈልገው ስለ ሐዘን የተጻፈ፣ ወይም ከእምነቱ መጻሕፍት አንዱ፣ ምናልባትም ለጊዜው መጽሐፍ ሳይሆን የሚያዳምጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ መጽሐፍ ከመሄዳችን በፊት ችግራችን ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንለይ። የማላውቀው ነገር ስላለ ነው? እንግዲያው የሚያስተምር መጽሐፍ ነው የምፈልገው። አውቄ ነው የማልሠራው? እንግዲያው ስለ ልማድ የተጻፈ ይጠቅመኛል። ሰው ጋር መስማማት ነው ያቃተኝ? የምኖርለትን ነገር ነው ያጣሁት? ወይስ አሞኛል? ወይስ ደግሞ ችግሬ ከእኔ ውጭ ነው፤ የቤት ኪራይ ጨምሮብኛል፣ ደመወዝ አልበቃኝም? የመጨረሻውን በተለይ አስምሩበት። የኑሮ ውድነትን የአመለካከት ችግር አድርጎ የሚነግረን መጽሐፍ ያለ ጥፋታችን ጥፋተኛ ያደርገናል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መልሶ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

የሚስማማን መጽሐፍ ሁልጊዜ የምክር መጽሐፍ እንዳይመስለንም እጠይቃለሁ። የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምሕረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ»ን የጻፉት በልብ ወለድ መልክ ነው። ቦሌ ደግሞ ከውጭ አገር የተመለሱ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሰፈር ናት። ለዓመታት ሌላ አገር ኖሮ ሲመለስ በገዛ አገሩ እንግዳ የሆነ ሰው፣ ከማንኛውም የስኬት መመሪያ ይልቅ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ሊናገረው ይችላል። ከአድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው፣ እዚያ አድገውና ተምረው፣ ከዚያ ወደ አገራቸው ተመልሰው ቦታቸውን የፈለጉ ሰው ናቸው። ግለ ታሪካቸውን የሚያነብ ሰው የራሱን መንገራገር የሌላ ትልቅ ሰው ሕይወት ውስጥ ያገኘዋል።

መጽሐፉ የተጻፈበት አገር

ጥያቄያችንን ካወቅን በኋላ የሚመጣው ነገር መጽሐፉ ለየትኛው ኑሮ እንደ ተጻፈ ማየት ነው። ሮበርት ኪዮሳኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» በእኛም አገር ብዙ አንባቢ አለው። ስለ ገንዘብ ማሰብን የሚያነቃቃ ነው፤ ዕዳን ከሀብት መለየቱ ለማንም ይጠቅማል። ዝርዝር ምክሩ ግን በባንክ ብድር ቤት ገዝቶ ማከራየትና አክሲዮን መግዛትና መሸጥ በለመደ አገር ላይ የቆመ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ያላገናዘበ አንባቢ መጽሐፉን ጨርሶ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ይደመድማል፤ መንገዱ እዚህ ገና አለመጠረጉን አያስተውልም።

በአንጻሩ አገር የማይገድበው ምክርም አለ። ጄምስ ክሊር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የልማድ መጽሐፍ አዲስ ልማድን ከነባር ልማድ ጋር ማሰርን ይመክራል። ይህ በየቤታችን ይሠራል። ጠዋት ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናው እስኪፈላ ሁለት ገጽ ልታነብ ትችላለች። ስለ ቁጠባ የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት ደግሞ ገንዘቡ እጅህ ሳይገባ በፊት ይቀነስልህ ይላሉ። ለዚህ እኛ እቁብ አለን። ዕጣው እስኪወጣ ሰው እየጠበቀ፣ ዳኛው እየተቆጣ፣ ቃል እየከበረ የሚቆጠብበት ሥርዓት ነው። ጥሩ አንባቢ የውጭውን ምክር ሲያነብ «ይህ በእኔ ሰፈር ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ ምክሩ ሥር ይሰዳል። ካላገኘ አድንቆ ያልፈዋል።

ስለ ትርጉምም አንድ ቃል ልጨምር። በሸራ ላይ ከምናያቸው ውስጥ የመጀመሪያው ደራሲ ስም የማይታይባቸው፣ ከየት ተወስደው እንደ ተጠናቀሩ የማይታወቁ አሉ። አንዱን ገጽ አንብቡና ለእናታችሁ በራሳችሁ አማርኛ ለመንገር ሞክሩ። መንገር ካልቻላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ተርጓሚው ራሱ አልገባው ይሆናል።

እውነት የሚመስሉ ታሪኮች

በምክር መጻሕፍትና በሥልጠና አዳራሾች የሚደጋገም ታሪክ አለ። የዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. የ1953 ተመራቂዎች ተጠንተው፣ ዓላማቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 ከመቶ የሚሆኑት ከሃያ ዓመት በኋላ ከ97 ከመቶው ሁሉ የበለጠ ሀብት አፈሩ ይባላል። እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ አያውቅም። ዓላማን መጻፍ መልካም ነው፤ ለመልካም ነገር ግን ሐሰተኛ ምስክር አያስፈልገውም።

«ልማድ በ21 ቀን ይለወጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ። «ቢያንስ» የሚለው ቃል በመንገድ ላይ ጠፋ። በ2010 በለንደን የፊሊፓ ላሊ ቡድን ልማድ ሲፈጠር ተከታትሎ ያገኘው በአማካይ 66 ቀን ነው፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። በ22ኛው ቀን ያልተሳካለት ሰው ራሱን ከመውቀሱ በፊት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ መጻሕፍት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመህ «እኔ ተወዳጅ ነኝ፣ እኔ አሸናፊ ነኝ» በል ይላሉ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጆአን ውድና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ቃል ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይበልጥ ወረደ። የጠቀመው ቀድሞም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸውን ነው፤ እሱም በጥቂቱ። አንዱን የሚያነሣ ምክር ሌላውን ሊጥል ይችላል ማለት ነው። ለጓደኛችን የሠራው መጽሐፍ ለእኛ አለመሥራቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

መጽሐፍ የሚረዳበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ያልኩት መጽሐፍን ለማሳነስ አይደለም። መጽሐፍ በእውነት ይረዳል። የአሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዴቪድ በርንስ «ፊሊንግ ጉድ» እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፎረስት ስኮጊንና ባልደረቦቹ ቀላልና መካከለኛ የድባቴ ስሜት ላለባቸው ሰዎች ይህን መጽሐፍ ሰጥተው በአራት ሳምንት ውስጥ እንዲያነቡት አደረጉ። ተራቸውን ከሚጠብቁት ይልቅ ያነበቡት ተሻላቸው። በዌልስ ካርዲፍ ከተማ የሥነ ልቡና ባለሙያው ኒል ፍሩድ በ2003 ባስጀመረው አሠራር ሐኪም እንደ መድኃኒት የመጽሐፍ ስም ይጽፋል፤ ታካሚውም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይዋሳል። አሠራሩ በ2013 በእንግሊዝ አገር ሁሉ ተስፋፋ።

እነዚህ መጻሕፍት ለምን ረዱ? ተለይቶ ለታወቀ ችግር ስለ ተሰጡ ነው። የሚጻፍና የሚሠራ ልምምድ ስላላቸው ነው። የሚጠይቅ ሰውም ስለ ነበረ ነው፤ የአላባማዎቹ አንባቢዎች በየሳምንቱ አጭር ስልክ ይደወልላቸው ነበር። መምህሩ በጉባኤ፣ ስማይልስ በማታው ማኅበር ያደርጉት የነበረው ነገር እዚህም ተመልሶ መጣ፤ መጽሐፉ የሠራው አንባቢውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው።

መጽሐፍ የማይበቃበትም ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚከብድ ኀዘን፣ እንቅልፍና ምግብ መጥፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ወደ ጤና ባለሙያ እንሂድ። በዚህ በምሥራቅ አዲስ አበባ የየካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበልም ጸሎትም ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስተውም።

በሸራው ፊት ዐሥር ደቂቃ

አሁን ወደ መገናኛ እንመለስና መጽሐፍ እንምረጥ። አዟሪዎቹ መጽሐፍ ገልጦ የሚያይን ሰው አይቆጡም፤ ጊዜ ወስዳችሁ እዩ። መጀመሪያ ማውጫውን አንብቡ፤ ጥያቄያችሁ እዚያ ውስጥ አለ ወይ? ካለ ምዕራፉን ከመካከሉ ገልጣችሁ ሁለት ገጽ አንብቡ። መግቢያውን ተዉት፤ መግቢያ ሁሉ ተስፋ ነው። ያነበባችሁት «ነገ ጠዋት ይህን አድርግ» የሚል ግልጽ ነገር አለበት? ምክሩ የማይሠራበትን ጊዜ፣ የማይስማማውን ሰው ያነሣል? ለሁሉም ይሠራል የሚል ጸሐፊ ሰው አላየም። ጸሐፊው ስለሚጽፈው ነገር ከየት አወቀ፤ ታክሞበት፣ አክሞበት፣ ሠርቶበት ነው ወይስ ስለ ስኬት እየተናገረ ብቻ ነው የተሳካለት?

ለመግዛት አትቸኩሉ። አራት ኪሎ ያለው፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ሩቅ አይደለም። የቤተ መጻሕፍቱን ወንበርና ብርሃን ተጠቅሞ አንድ ምዕራፍ ማንበብ መጽሐፉ የእኛ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ይነግረናል። የገዛችሁትን ደግሞ ሳትሠሩበት ሌላ አትጨምሩ። አንብቦ መነቃቃት የመለወጥን ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ በሦስተኛው ቀን ሲበርድ ሌላ መጽሐፍ ያስገዛል። በዚህ መንገድ ብዙ አንብበው ካሉበት ያልተነቃነቁ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ በላይ ለብቻችሁ አታንብቡ። በእቁባችሁ፣ በጽዋ ማኅበራችሁ፣ በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ፣ በኮንዶሚኒየሙ የቡና ሰዓት አንድ የምታምኑት ሰው ያዙ። «ይኼን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይኼን ላደርግ ነው፤ እሑድ ጠይቀኝ» በሉት። አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉት መካሪ ከጎን ሳይጠፋ ነው። መጽሐፍ ያን ሰው አይተካውም።

ክቡራትና ክቡራን፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ችግራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «መለወጥ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ደመወዜ በ20ኛው ቀን ያልቅብኛል»፣ «ከልጄ ጋር ሳልጮህ መነጋገር አቃተኝ»፣ «ማታ ስልኬን መተው አልቻልኩም» ብላችሁ ጻፉ። ያንን ወረቀት ኪሳችሁ ሳትይዙ መጽሐፍ አትግዙ። ልጆቻችሁንም እንዲሁ አስተምሯቸው።